በባትሪ አልወጣም ያለው መምህር

የመምህር ንጉሤን ሞት ለሰፈሩ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ያመነኝ ሰው ግን አልነበረም።

እኔ ወሰን በሚባለው ሰፈር የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት ነፍቻለሁ። ከነፋሁላቸው ውስጥ ተመልሶ የተነሳ የለም፤ ስለዚህ ቃሌ ይታመናል ብዬ ነበር የምኖረው። ያን ዕለት ማለዳ ግን «እድርተኛ ሆይ፣ መምህር ንጉሤ አርፏል፣ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው» እያልኩ ስዞር፣ አንዷ ሴትዮ ከበሯ ብቅ ብላ «አሁን ደግሞ ምን ሊሞክሩ ነው?» አለችኝ። ቀጥሎ ያለው ቤት ውስጥ ተሳሳቁ። ባለሱቁ ጭራሽ «ጋሽ ታደለ፣ እኔ ባለፈው አልቅሼላቸዋለሁ፤ ለአንድ ሰው ሁለቴ አላለቅስም» ብሎኝ ወደ ዳቦው ተመለሰ። እድሩ በከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ሞቱ ሲነገር ግማሹ ሰው የሚስቅ ፊት እንደላከ ቆይተው ነገሩኝ። ለነገሩ ደስ ብሎኛል። ቴሌግራም ካለ ጥሩምባ ምን ያደርጋል ሲሉኝ የነበሩት እነሱ ናቸው።

ሰው ሞቶ እንኳን እንዳይታመን ምን ያህል ነገረኛ ሆኖ መኖር እንዳለበት ልንገራችሁ።

መምህር ንጉሤ ኮተቤ መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ወጣ ተባለ እንጂ አልወጣም። ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ አለ፤ ከኪሱ አፍ እስከ ጉልበቱ ነጭ በነጭ ሆኖ ነው የሚሄደው። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ያንን ኮት ማጠብ ከተወች ቆይታለች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። የእድር ማስታወቂያ ጽፌ ቆርቆሮው አጥር ላይ ስለጥፍ፣ እሱ ከሥሩ ቆርቆሮው ላይ በጠመኔ «ሦስት ስህተት» ብሎ ይጽፍልኛል። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይናገርም። «ፈልገህ አግኛቸው፤ ሰው የሚማረው እንደዚያ ነው» ይላል። እኔ እገሌ ሞቷል ብዬ እጽፋለሁ፣ ሰውዬው ለእኔ ማርክ ይሰጣል።

አንዲት ንግግር ነበረችው፦ «ጥያቄው ሌላ ነው።» ምንም ብትጠይቀው መልሱ ይኸው ነው። መብራት ለምን ጠፋ? ጥያቄው ሌላ ነው። ምሳ በላህ ወይ? ጥያቄው ሌላ ነው። ይህን ሲል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅልና፣ ደደብነትህን አውቆ በትዕግሥት እንደቻለህ ሰው ያይሃል። ሰፈሩ በሙሉ «እርስዎ» ነው የሚለው። እኔ ግን «አንተ» ነበር የምለው፤ አንድ ሰው እንኳን አንተ ካላለው ይበላሻል ብዬ።

ነገሩ የጀመረው በእድሩ መኪና ነው። የምንቀብረው ተራራው አፋፍ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከኮተቤ መንገድ ከተገነጠልክ በኋላ ሽቅብ ብቻ ነው። አሮጌዋ የናፍጣ መኪናችን አንድ ቀን ሬሳ ጭነን ስንሄድ ናፍጣ አለቀባትና ማደያ ሰልፍ ላይ ቆምን። ሬሳ ይዘን ሰልፍ። ከፊታችን የነበሩት ሾፌሮች እያንዳንዳቸው የሚያስቸኩል ጉዳይ ነበራቸው፤ ከሞት የበለጠ ማለት ነው። መምህር ወረደና በየመኪናው መስኮት እየሄደ አንድ በአንድ ለመናቸው። እሱ ሰው ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እየተጎተትን ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሶቹ ጠብቀው ጠብቀው ወደ ሌላ ቀብር ሄደዋል። የሟች ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ። መምህር እነሱን ሲያይ ቆየና «ሬሳ ሰልፍ አይጠብቅም» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ያቺ መኪና በመጨረሻ ሞተች፤ ለእሷ ጥሩምባ አልነፋሁም። አዲስ የነዳጅ መኪና አገር አይገባም ተብሏል። ስለዚህ ስብሰባ ተጠራ። ሐጂ ከድር የሚባል ወሰን ላይ ጋራዥ ያለው የእድራችን ሰው አለ፤ ለስለስ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ የሚያቆስለውም ለስለስ አድርጎ ነው። እሱ ተነሳና በባትሪ የምትሄደውን እንግዛና እንገላገል አለ። ባለጸጎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ፓርክ ሽው የሚሉባት ዓይነት፣ ትልቅ ትሁን እንጂ።

መምህር አይሆንም አለ። ባትሪ ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ መጀመሪያ ራሱን ተሸክሞ ነው የሚወጣው፣ ለመሙላትም ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የሚሻለው ሃይድሮጂን ነው አለ። ቀላል ጋዝ ነው፣ እንደ ነዳጅ በደቂቃ ይሞላል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ የሚሠራውም ከውሃ ነው። ከውሃ እኮ ነው የሚለን፣ ወሰን ላይ ቆሞ። ቧንቧው ሐሙስ ጠብ ካለ ልጆች የሚያጨበጭቡበት ሰፈር ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላሳያችሁ ብሎ አንድ ሰፊ የማር ጠርሙስ ይዞ መጣ። ውሃ ሞልቶ ሶዳ ነሰነሰበትና ሁለት ሽቦ ነከረ። ከሽቦዎቹ ጫፍ አረፋ መንፈቅፈቅ ጀመረ። አረፋውን በትንሽ ብልቃጥ ገልብጦ አጠራቀመና ክብሪት ሲያስጠጋው ጧ አለ። እናቶች አማተቡ። እኔም ጥሩምባዬን ጣልኩ። መምህር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ዓለምን ገና አሁን ፈጥሮ እንደጨረሰ ሰው ቆመ።

ሐጂ ከድር ከመቀመጫው ሳይነሳ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሽቦዎቹ ሌላው ጫፍ የታሰረው ምን ላይ ነው?» አለ።

መምህር ዝቅ ብሎ አየ። «ባትሪ ላይ።»

«ባትሪውስ የማን ነው?»

«ጠዋት ከእርስዎ ጋራዥ የተዋስኩት ነው።»

«እንግዲያው ባትሪው ውሃውን ጋዝ እስኪያደርግ፣ ጋዙ ደግሞ መኪናውን እስኪነዳ ከምንጠብቅ፣ ለምን ባትሪውን ቀጥታ መኪናው ላይ አንጭነውም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ «ጥያቄው ሌላ ነው» አለ። ሐጂ ሌላውን ልጠይቅ አለና፣ ይህ ጋዝ አገራችን ውስጥ የት እንደሚሞላ ጠየቀው። መምህር፣ ይኼ የነጭ ጠመኔ ሰው፣ መዋሸት አያውቅም፤ እኔ የማውቀው ቦታ እስካሁን የለም አለ። «እንግዲያው እስኪመጣ ድረስ ማንም እንዳይሞት ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልን» አለ ሐጂ። ጸሐፊው መጻፍ ጀምሮ ነበር።

እልኸኛ ግን በሳቅ አይረታም። መኪናዋ ለሙከራ ስትመጣ፣ ባዶ መኪና ዳገት ወጣች ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የእድሩን አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና የድንኳን ብረት ሁሉ አስጫነ። ለካ ከአንድ ቀን በፊት በእግሩ ወጥቶ፣ ዳገቱ መሃል ያለ ትልቅ ቋጥኝ ላይ በጠመኔ አስምሮ «እዚህ ትቆማለች» ብሎ ጽፏል። የቀረው ሬሳው ብቻ ነበር። ሬሳም ክብደት አለው አለና፣ የሬሳው ቦታ ላይ የሚጋደም ሰው ፈለገ። ማን ይጋደም? ሁላችንም ዕድሜያችን የደረሰ ሰዎች ነን፤ ነገሩን ከአሁኑ መለማመድ አልፈለግንም። «ፈሪዎች» ብሎን ራሱ ገባ። ብርድ ነበርና ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ።

እንግዲህ በዓይናችሁ ሳሉት። የእድር መኪና ነው። ከኋላ ጋቢ የለበሰ ሰው ተጋድሟል። ከፊት እኔ ጥሩምባዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ጥሩምባውን ምን አስያዘህ ያለኝ ብዙ ነው፤ መምህርን ጠመኔውን ምን አስያዘህ ያለው ግን አላየሁም። ኮተቤ መንገድ ላይ ሰው ቆመ፣ ባርኔጣ ወለቀ። አንድ ጎልማሳ፣ ያስተማረው ይመስለኛል፣ በመስኮት አይቶት ራሱን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። በላይ የሚባለው ሾፌራችን ጨንቆት ልቁም ወይ ይላል፤ መምህር ዓይኑን ሳይገልጥ «እንዳታቆም፣ ሙከራው ይበላሻል» ይለዋል።

ዳገቱን ጀመርን። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የሚሰማው የድስቶቹ መንኳኳት ብቻ ነው። ቋጥኙ ጋ ደረስን፤ አለፍነው። መምህር ማለፋችንን ሲያውቅ ብድግ ብሎ ተቀመጠና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አልቆመችም እንዴ?» አለ። መንገዱ ዳር ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴትዮ ነበረች። ሸክሟን እዚያው ጥላ የሮጠችው ሩጫ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ወሰን ስንመለስ የእሱ ቤት በር ላይ ሰው ሞልቷል። ወሬው በስልክ ቀድሞናል። ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ሳለ፣ ባልየው ከእድሩ መኪና ወረደና «ተሸነፍኩ» ብሏት ወደ ቤት ገባ። ሦስት ቀን አላነጋገረችውም።

መኪናዋ ተገዛች። የምታድርበት የእድሩ መጋዘን ግን ቆጣሪ የለውም። ሐጂ ከድር ነገር ይወዳልና፣ መስመሩ ከአጥሩ ወዲያ ካለው ቤት ይሳብ አለ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የመምህር ቤት ነው። ሁላችንም ሲፈነዳ ልናይ ዞር አልን። እሱ ግን «ሳቡት» አለ፣ በቃ። ጎረቤት ስለሆነም አንዱ የመጋዘን ቁልፍ እሱ ዘንድ ተቀመጠ። የሃይድሮጂን አባት ቤት ባትሪ ይቀለባል እያልን ወር ሙሉ ሳቅን።

አሁን ወደ እኔ ስህተት ልምጣ፤ ብዙ አልቆይበትም። መኪናዋ ከመሪው አጠገብ ባትሪዋ ስንት እንደቀረው የምታሳይ ቁጥር አላት። አንድ ቀን ቀብር ውለን ባዶዋን ስንወርድ ቁጥሯን አየኋት፤ ትጨምራለች። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ትጨምራለች። በላይም አየ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ይቺ መኪና ለእድር የተፈጠረች ናት፣ ሬሳ ስታወጣ ትበላለች፣ ቀብራ ስትመለስ ትሞላለች፣ ሰው እስከሞተ ድረስ አታልቅም እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። በላይ መጀመሪያ አካባቢ ገመዱን ይሰካ ነበር፤ የእኔን ወሬ ከሰማ በኋላ ተወው። እውነትም ሊነዳት በመጣ ቁጥር ሙሉ ሆና ያገኛታል። ስብሰባ ላይ ተናገርኩት፣ ተጨበጨበልኝ። መምህር ከኋላ ተነስቶ፣ ቁልቁለት የሚመልሰው ዳገት ከበላው ጥቂቱን ነው ማለት ሲጀምር «አንተ ተሸንፈሃል፣ ተቀመጥ» አልኩት። መነጽሩን ሰቅሎ አየኝና ተቀመጠ። እሱ ተቀመጥ ሲሉት የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ታመመ። አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቅን ሳለ «ታደለ፣ እኔን በዚያች መኪና እንዳታወጡኝ» አለኝ።

ለምን አልኩት።

«አንዴ ወጥቼባታለሁ። ያሸነፈችኝ መኪና ላይ ሁለተኛ አልጋደምም። በትከሻ አውጡኝ፤ ትከሻ አይሰካም።»

ዳገቱን አሰብኩት፤ ጉልበቴን አሰብኩት። እሺ አልኩ። ማልልኝ አለ፣ ማልኩለት። በሆዴ ግን፣ አንዴ ከሞትክ በምን ወጣሁ ብለህ ማንን ትጠይቃለህ እያልኩ ነበር። የሆነውን ነው የምጽፈው።

ሆስፒታል ገብቶ ሁለት ሳምንት ተኛ። በዚያ መሃል ሁለት ሰው ቀበርን። ሁለተኛውን ቀብረን ልንወርድ ስንል በላይ ቁጥሯ ማነሷን አሳየኝ። ስንወርድ ትሞላለች አልኩት። ስንወርድ ትንሽ ጨመረች። «አየህ» አልኩት። ቀይ መብራት እያበራች መጋዘን ገባች፤ እኛም ቆለፍንባት።

ከዚያ መምህር ሞተ፤ እኔም ነፋሁ፤ ሰፈሩም ሳቀ። ያንን ነግሬያችኋለሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ከእድርተኛው ግማሹ እንኳን አልመጣም። ሳጥኑ ድንኳኑ ውስጥ ተዘጋጅቷል፣ ቄሶቹ ቆመዋል። እኔ መሐላዬን ለማንም አልተናገርኩም። መኪናዋን አምጣ አልኩት በላይን። መጋዘኑን ከፍቶ ገባ፣ ቆየ፣ ብቻውን ተመለሰ።

«አትነሳም። ምንም የላትም» አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞረና «ቁልቁለት ይሞላታል ብለውኝ እኮ ነው፣ ጋሽ ታደለ» አለ።

ወይዘሮ አስካለ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። «ማን ሰክቷት ነው የምትነሳው?» አለች። «እሱ ከተኛ ጀምሮ ማን ሰካት?»

እሷው ነገረችን። መኪናዋ ቀብር ውላ በገባች ቁጥር፣ መምህር አመሻሽ ላይ ካፖርቱን ይደርብና መጋዘኑን ከፍቶ ይሰካት ነበር። መብራት ከሄደ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲነጋ ገመዱን ጠቅልሎ ቦታው ይመልሳል።

«እየሰደብካት ለምን ትቀልባታለህ አልኩት» አለች። «የተከራከርኩት እኔ ነኝ፣ ሬሳ አልተከራከረም አለኝ።»

ሐጂ ከድር አሁን ብትሰካ መቼ እንደምትደርስ በላይን ጠየቀው፤ ለዳገቱ የሚበቃት እስኪሞላ ይመሻል አለ። የእድሩ ሊቀመንበር ከመገናኛ ሌላ መኪና ላስመጣ ብሎ ስልኩን አወጣ። ዝም ብል መኪናው ይመጣ ነበር። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ጉልበቴም ዝም በል እያለኝ ነበር።

«በትከሻ አውጡኝ ብሏል» አልኩ። «አስምሎኛል።»

ሐጂ ከድር ቀና ብሎ አየኝ። «ለመቼ ልትነግረን ነው የያዝከው?» አለኝ፣ እንደ ልማዱ ለስለስ አድርጎ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለበላይ ሰጠውና የሳጥኑን የፊት ቀኝ ያዘ። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። እኔ በግራ ገባሁ።

በመኪና ብንሄድ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ሙከራ ነው ብሎ ቤቱ ይቀር ነበር። በትከሻ ሲያየን ግን ሳቁ ጠፋ፤ ለሙከራ ብሎ ሳጥን ተሸክሞ ያን ዳገት የሚወጣ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ባለሱቁ ሱቁን እንኳን በወጉ ሳይዘጋ ሮጦ መጣና ትከሻ ተቀበለን። ለአንድ ሰው ሁለቴ አላለቅስም ያለው ሰውዬ ሁለቴ አለቀሰ። ኮተቤ መንገድ ላይ ያስተማራቸው ሰዎች ከየታክሲው ወረዱ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ የሚሸከመው በዝቶ ተራ መጠበቅ ተጀመረ። ሬሳ ሰልፍ አይጠብቅም ይል የነበረውን ሰው ለመሸከም ሰው ተሰለፈ። እኔን ሽማግሌ ነህ ብለው ከመስመሩ አወጡኝ፤ አልተከራከርኩም።

በትከሻ ሲሆን ቄሶቹ በየመንገዱ ሳጥኑን እያሳረፉ ነው የሚጸልዩት። አንዱ ማረፊያ ቋጥኙ ጋ ሆነ። የጠመኔው መስመር በዝናብ ጠፍቷል፤ ቦታውን ግን የማያውቅ አልነበረም። ጸሎቱ ሲያልቅ ሐጂ ከድር ላቡን እየጠረገ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ።

«እዚህ ትቆማለች ብለው ነበር፣ መምህር» አለው። «ይኸው እርስዎ ቆሙ።»

ሊያስቀን እንደሆነ ገብቶናል። ግን ፊቱን ወደ ቋጥኙ አዙሮ ቆየ፤ እኛም እስኪዞር ጠበቅነው።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ቁልፉን ከወይዘሮ አስካለ ተቀብዬ ገመዱን ልሰካ መጋዘኑ ገባሁ። እስከዚያ ቀን መሰኪያው የት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር፤ ከመኪናዋ ጀርባ ጥግ ላይ ነው። የሚሰካ ሰው ካልሆነ እዚያ ጥግ የሚደርስ የለም። ከመሰኪያው በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል፤ ቆርቆሮው አጥር ላይ በማውቀው የእጅ ጽሑፍ።

«ታደለ፣ አንድ ስህተት።»

ገመዱን ሰካሁ። መሬት ላይ የቀረች የጠመኔ ቁራጭ ነበረች፤ አነሳኋትና ከሥሩ «አገኘሁት» ብዬ ጻፍኩበት። ፊደሉ ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም።